የአሞሌን አገር በሶዲየም አትተርቡት

«ደሃና ደግሞ ስለ ባትሪ ምን አገባው?» አሉ አንድ የአዲስ አበባ ጋሼ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ያስመጣሉ።

ጋሼ፣ ባትሪ የሚያገባው መብራት ያጣውን ነው። እርስዎ ሰፈር መብራት ሁለት ሰዓት ሲጠፋ ስልክ አንሥተው ይቆጣሉ። በዋግ ካለችው ወረዳችን ከደሃና ከተማ፣ ከአምደወርቅ፣ ወጣ ብለው ወደ ገጠር ቀበሌዎቻችን ሲገቡ ግን ቆጣሪም የለ፣ የሚቆጡትም የለ። ሌሊት ምጥ የመጣባት እናት በእጅ ባትሪ ብርሃን ትወልዳለች፤ ልጅ ፈተናውን በኩራዝ ያጠናል፤ ስልክ ለማስሞላት የገበያ ቀን ይጠበቃል። እንግዲህ ከሁለታችን ማንን ይበልጥ ያገባዋል?

«ይሁን፤ ሊቲየም ባትሪ እየረከሰ ነው፣ ይገዛላችኋል። ይኼ ሶዲየም የምትሉት ደግሞ ከየት መጣ?»

ከጨው። ከመቶ ግራም የገበታ ጨው 39 ግራሙ ሶዲየም ነው። ከምድር ቅርፊት ክብደት ከመቶ እጅ ሁለት እጅ በላይ የሚሆነው ሶዲየም ሲሆን፣ ሊቲየም ከሚሊዮን እጅ ሃያ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሊቲየም ሲፈለግ ወደ ቺሊ የጨው ሜዳ፣ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ድንጋይ ይኬዳል፤ እኛም ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ አለን። ሶዲየም ግን ባሕር የነካው አገር ሁሉ አለው፤ ባሕር ላጣነው ለእኛም አፋር አለን።

«አፋርና ደሃናን ምን አገናኛቸው?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰቆጣ ገበያ ምን ይሸጥ እንደነበር አልሰማም። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፣ የአሞሌ ገበያም ነበረች። ጨዉ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር በረሃ እየተፈነቀለ፣ እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያ ሰቆጣ ገበያ ይራገፋል፤ ከሰቆጣ ደግሞ ወደ ላስታ፣ ወደ ቤጌምድር፣ አልፎም ወደ ጎጃም ይሻገራል። አሞሌ ወጥ ውስጥ ብቻ የሚገባ ነገር አልነበረም፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ሰው በሬና ጥጥ ይገዛበት የነበረ ገንዘብ ነው። ከበረሃው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል፤ በአንድ ማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ ጨው ሜዳው አጠገብ ብዙ፣ ጎጃም ሲደርስ ጥቂት ነው። የሰቆጣ ነጋዴ የኖረው በዚህ መሐል ነው። ዋግ ሶዲየምን ከክሎሪኑ ጋር ጭኖ ለዘመናት ያሻገረ አገር ነው፤ ስሙን ዛሬ ቢሰማውም ዕቃውን ድሮ ያውቀዋል።

ይህን ስናገር ከጎን የተቀመጠ አንድ ወጣት ብድግ አለ። «በቃ ሀብታም ነን! ጨው አለን፤ ባትሪ ፋብሪካ እንትከል!»

ቁጭ በል ወንድሜ፣ አንተንም አላልፍህም። ጨው ባትሪ አይደለም። ባትሪ ሠሪው የሚፈልገው ከጨው ተለይቶ የወጣና የተጣራ የሶዲየም ውሕድ ነው፤ በብዛት የሚገዛውም ሶዳ አሽ ነው። ሶዳ አሽ ወይ እንደ አሜሪካዋ ዋዮሚንግ ከመሬት ይቆፈራል፣ ወይ ኤርነስት ሶልቬይ የተባለው ቤልጅጋዊ ከ1860ዎቹ ጀምሮ እንዳስተማረው ጨውና የኖራ ድንጋይ በአሞኒያ እየታገዙ ይሰጡታል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። እኛም ከአቢያታ ሐይቅ አውጥተናል። አቢያታ ዛሬ ከድሮ ዳርቻው ክፉኛ ሸሽቷል፤ ለሶዳ አሹ ውሃው በፓምፕ ተሳበ፣ መጋቢ ወንዞቹም ለመስኖ ተጠለፉ። ስለዚህ «ጨው አለን» ብለህ ከመጨፈርህ በፊት ጨዉን ወደ ሶዳ የሚለውጠው ማን ነው፣ በየትኛው ውሃ፣ ዝቃጩስ የት ይደፋል ብለህ ጠይቅ። ሀብት ያለው እዚያ መካከል ነው፤ አባቶችህም የነገዱት መካከሉን ነበር።

ጋሼ ሳቁ። «እኮ! ራስህ አፈረስከው። ሶዲየም ከባድ ነው ይባላል፣ ግዙፍ ነው ይባላል። ለምን ትደክማላችሁ?»

ከባድ መሆኑን አልክድም። የሶዲየም አተም ከሊቲየም አተም ሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ቻርጁን ይዞ የሚመላለሰው የሶዲየም አዮን ራዲየሱ 1.02 አንግስትሮም ነው፤ የሊቲየሙ 0.76። ችግሩም ከዚህ ይነሣል። ስልክዎ ውስጥ ሊቲየሙን የሚያሳድረው ግራፋይት፣ በእርሳስ እስክሪብቶ ውስጥ ያለው ያ ጥቁር ነገር፣ በአንድ ግራም 372 ሚሊአምፒር ሰዓት መያዝ ይችላል። ሶዲየም ሲመጣበት ግን፣ በተለመደው ኤሌክትሮላይት (አዮኑ በሚመላለስበት ፈሳሽ)፣ የሚያስገባው ከዚያ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለሶዲየም ሌላ ማደሪያ ያስፈልገዋል። የዓለም ኬሚስቶች ላለፉት ዓመታት የተጨነቁት በዚህ ነው። አንዱ መልስ ከእንጨት፣ ከቅርፊት፣ ከስኳር የሚከሰል ሥርዓት የለሽ ከሰል ነው፤ ሃርድ ካርቦን ይሉታል፤ በግራም 300 ገደማ ይይዛል። ሌላው መልስ፣ እኔ ልቤ ያለበት፣ ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሐዱበት ድንጋይ ነው፦ ሰልፋይድ።

እዚህ ላይ አንዲት እማማ ደነገጡ። «ድኝ? ባሩድ የሚቀመምበትን ነገር ቤቴ ልታስገቡ?»

እማማ፣ ድኙ ብቻውን አይመጣም። ከብረት፣ ከቆርቆሮ፣ ከአንቲሞኒ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገባው። እርስዎ በልጅነትዎ የተኳሉት የጥንቱ ኩል ራሱ የአንቲሞኒ ሰልፋይድ ወይም የእርሳስ ሰልፋይድ ዱቄት ነው፤ የእርሳሱን ለሕፃን ዓይን አልመክርም፣ መርዝ አለው። በ1960ዎቹ ፎርድ ኩባንያ የሠራው የሶዲየምና የድኝ ባትሪ ሌላ ነው፤ እሱ የሚሠራው ሁለቱም ቀልጠው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግሉ ነው፣ ለመንደር አይሆንም። የምናወራው በክፍል ሙቀት ስለሚሠራው ነው። ሥጋትዎ ግን መሠረት አለው። ሰልፋይዱ ሶዲየም ሲጠጣ ሶዲየም ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ እሱ እርጥበት ካገኘው የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት መርዛም ጋዝ ይተነፍሳል። ስለዚህ ፋብሪካው ደረቅ፣ ዕቃውም በደንብ የታሸገ መሆን አለበት። ታሽጎ ካልመጣ አያስገቡት፤ ልክ ነዎት።

«ድንጋዩ ግን ምን ያህል ይይዛል?» አለ ወጣቱ፤ አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ።

ፓይራይትን እንውሰድ፤ አንድ ብረት ከሁለት ድኝ ጋር የተጋባበት፣ ወርቅ መስሎ የሚያብለጨልጨው ቢጫ ድንጋይ ነው። አራት ሶዲየም ሲገባበት ድኞቹ ሶዲየሙን ይዘው ይሄዳሉ፣ ብረቱ ብቻውን ይቀራል። ይህ ሁሉ ከተከናወነ አንድ ግራም ፓይራይት በስሌት 894 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ የሃርድ ካርቦንን ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የአንቲሞኒው ሰልፋይድ 946 ነው፣ የሞሊብዲነሙ 670። ከእነዚህ ሁሉ የእኔ ምርጫ የብረቱ ነው፤ ብረት ርካሽ ነው፣ ድኝም ዛሬ ዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ነዳጅ ሲጣራ እንደ ተረፈ ምርት ነው። ወርቅ መሳዩን ድንጋይ ወርቅ ፈላጊ ሲጥለው ኖሯል፤ ኬሚስቱ አነሣው።

ጋሼ ይህንንም አላለፉትም። «ሰልፋይድ ድሮ ተሞክሮ የወደቀ ነገር ነው። አዲስ አስመስለህ አትሽጥልን።»

ተሞክሯል፣ እውነት ነው፤ መውደቁን ግን ሙሉውን ይስሙ። ዊቲንግሃም የተባለው ኬሚስት በ1970ዎቹ ኤክሶን ውስጥ ሆኖ የቲታኒየም ሰልፋይድን ንብርብር ተጠቅሞ የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ሠራ። በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ በኪስዎ ያለው ባትሪ ትውልዱን ሲቆጥር መጀመሪያ ላይ የሚያገኘው ሰልፋይድ ነው። ቀጥሎ ሞሊ ኤነርጂ የሚባል የካናዳ ኩባንያ የሞሊብዲነም ሰልፋይድ ባትሪ ለገበያ አወጣ፤ በ1989 እሳት ፈጥሮ ከገበያ ተሰበሰበ። ያቀጣጠለው ግን ሰልፋይዱ አልነበረም፤ ከማዶ የተቀመጠው ጥሬ የሊቲየም ብረት ነው፣ ሲሞላ እሾህ እያበቀለ ወዲህ ይሻገራል። ወንጀሉን ለጥፋተኛው እንስጠው።

የሰልፋይዱ የራሱ ጥፋት ሌላ ነው፣ እሱንም አልሸፍንም። ያብጣል። ፓይራይት አራቱንም ሶዲየም ሲጠጣ፣ ከዕቃዎቹ እፍጋት እንደሚሰላው፣ መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ሲለቅ ደግሞ ይሟሽሻል። ክረምት ውሃ የጠገበ የጭቃ ግድግዳ በበጋ ደርቆ እንደሚሰነጠቀው፣ ኤሌክትሮዱም በየሙሌቱ እየተሰነጠቀ ከተለጠፈበት አሉሚኒየም ወይም መዳብ ይረግፋል። በዚያ ላይ ከድኙ የተወሰነው ፖሊሰልፋይድ ሆኖ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ወደ ማዶም ይሄዳል፤ የሄደው አይመለስም። በዚያ ላይ ሲሞላ የሚጠይቀው ቮልቴጅና ሲያራግፍ የሚሰጠው ይራራቃሉ፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አሥር ጊዜ ሞልቶ የሚያኮራ፣ መቶ ጊዜ ሞልቶ የሚያሳፍር ሰልፋይድ ብዙ ነው።

«እና?»

እና በ2015 በቻይና ናንካይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አደረጉ። የፓይራይቱን ደቃቅ እንክብሎች ወሰዱ፤ የተለመደውን ካርቦኔት ኤሌክትሮላይት ትተው ኢተር የሚባለውን ዓይነት አስገቡ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባትሪው ከ0.8 ቮልት በታች እንዳይወርድ ከለከሉት። ድንጋዩ አራቱን ሶዲየም እንዲውጥ አልፈቀዱለትም። ሙሉ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ከመሠራት ይልቅ ሶዲየሙ በንብርብሩ መሐል እየገባ ይወጣል። እንክብሎቹ 20,000 ጊዜ ተሞልተው ከያዙት ከመቶ ዘጠና እጅ ገደማ አቆዩ። በቀን አንድ ጊዜ ብንሞላው ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው፤ ቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ነውና ይህን ዕድሜ ለመንደር ዕቃ ቃል አልገባም። ሌሎች ደግሞ ሰልፋይዱን በካርቦን ይለብጡታል፣ በግራፊን ይጠቀልሉታል፣ እንዲያብጥ ባዶ ቦታ ይተዉለታል። ልባም ሥራ ነው፤ ሳነበው ደስ ይለኛል።

«ገበያ ላይ አለ ወይ ነው የምልህ!» ጋሼ ጠረጴዛ መቱ።

የለም። ሰልፋይዱ ገና አልወጣም። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት የሶዲየም ባትሪዎች በነጌቲቩ በኩል ሃርድ ካርቦን ነው ያላቸው። እነሱ ግን አሉ ጋሼ፣ እርስዎ ዕቃ ከሚያመጡበት አገር። ሲኤቲኤል የሚባለው የቻይና ኩባንያ በ2021 በኪሎ 160 ዋት ሰዓት የሚይዝ አሳየ፤ በ2025 ናክስትራ ብሎ የሰየመውንና 175 የሚደርሰውን ይዞ መጣ። በ2024 ሁቤይ ግዛት ውስጥ 100 ሜጋዋት ሰዓት የሚያከማች የሶዲየም ባትሪ ጣቢያ ከመስመር ጋር ተገናኘ።

«ስዊድኖቹስ? አሜሪካኖቹስ? ከሰሩ እኮ!»

ከሰሩ። የስዊድኑ ኖርዝቮልት በ2025 መጋቢት ኪሳራ አወጀ፤ የአሜሪካው ናትሮን በዚያው ዓመት መስከረም በሩን ዘጋ። የሶዲየሙን ገበያ የፈተነውን ግን ልንገርዎ። በ2022 መጨረሻ ቻይና ውስጥ አንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ወደ 600,000 ዩዋን ተጠግቶ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ወደ ሶዲየም ሮጠ። በ2024 ከ100,000 በታች ወረደ፤ ያኔ ሁሉም ተመለሰ። አሞሌ ከሰቆጣ ጎጃም ሲደርስ ዋጋው እንደሚለወጥ የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ አይደናገጥም። ዋጋ የወጣው ሊወርድ፣ የወረደው ሊወጣ ይችላል። እኔ የምጠይቀው ሲወጣ ማን ተዘጋጅቶ ይገኛል ብዬ ነው።

ክብደቱን ደግሞ ደጋግመው አነሡ። ለመኪናዎ ክብደት ጉዳይ ነው፤ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስለከለከለ እርስዎም በኪሎ የሚያስቡ ሆነዋል። የጤና ኬላ ባትሪ ግን አይሄድም ጋሼ። አንድ ጊዜ ተሸክመን ዳገት እናወጣዋለን፣ ግድግዳ ሥር እናስቀምጠዋለን፣ እዚያው ይኖራል። ዳገት መውጣት ደግሞ ለዋግ ሰው አዲስ አይደለም።

አሁን እየተጠቀምንበት ያለውን ይመልከቱ። ሶላር ሲተከል አብሮት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የእርሳስ ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከከረመ የእርሳስ ሰልፌት ክምር ይጠጥርበትና አይመለስም። ገጠር ውስጥ ደግሞ ባትሪ ባዶውን የሚከርምበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ደመና ይሰነብታል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ቁልፍ የያዘው ባለሙያ ለሥልጠና ይሄዳል። የሶዲየሙ ባትሪ ግን በሁለቱም በኩል አሉሚኒየም መጠቀም ስለሚችል (ሊቲየሙ በአንዱ በኩል መዳብ ግድ ይለዋል) እስከ ዜሮ ቮልት ወርዶ ሊቆይና ሊጓጓዝ ይችላል። ተረስቶ የሚነሣ ባትሪ ለደሃና ከሚከንፍ ባትሪ ይበልጣል። ስለ ኪሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይመልስልኝ።

«ተከዜ ግድብ አጠገባችሁ! ሕዳሴ ተመርቆ! ባትሪ ምን ያደርግላችኋል?»

ተከዜ አጠገባችን ነው። 188 ሜትር ቁመት፣ 300 ሜጋዋት፣ ከ2009 ጀምሮ ያመነጫል፤ ሐይቁ ወደ ዋግ ምድር ገብቶ ዓሣ እንጠምድበታለን። ሕዳሴም በመስከረም 2025 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት፤ እኛም ቦንድ ገዝተንበታል፣ ደስታውም የእኛ ነው። ነገር ግን ግድብ ያመነጫል እንጂ በየተራራው ቤት አይዞርም። የሚያዞረው ምሰሶና ሽቦ ነው፤ ዋግ ደግሞ ገደልና ሸለቆ ነው፤ ለሠላሳ ጎጆ አሥር ኪሎ ሜትር ሽቦ የሚዘረጋ በጀት እስኪመጣ ልጁ ያድጋል። ሽቦው የደረሰበትም ቢሆን፣ በሰሜኑ ጦርነት መስመሩ ሲቋረጥ ሰቆጣና ዙሪያዋ ለረጅም ጊዜ በጨለማ ኖሩ። ግድብ አለ ማለት ባትሪ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ያንን የጨለማ ዘመን የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። የከተማችን ስም አገር ዞረ። ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው በጤና ኬላ፣ በንጹሕ ውሃ ፓምፕ፣ በወፍጮ ቤት ነው፤ ሦስቱም ኃይል ይፈልጋሉ። የጤና ቢሮዎች ለኬላዎች የሶላር ዕቃ ሲገዙ በጨረታው ላይ «የእርሳስ ወይም የሊቲየም» ብለው በሩን እንዳይዘጉት እጠይቃለሁ። ባዶውን ስድስት ወር ከርሞ የሚነሣ ይቅረብ ብለው ይጻፉ፤ ማን እንደሚያሸንፍ ያኔ እናያለን።

ወጣቱ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፦ «እኔ ኬሚስትሪ ልማር ነው፤ ግን ላብራቶሪ የት አለ? እዚህ የግብርና ምርምር እንጂ የባትሪ የለም» አለ።

እውነትህን ነው፣ ሰቆጣ ያለው የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራው ማሽላና ፍየል ነው፣ ያንንም እንፈልገዋለን። አንተ ግን ባሕር ዳር ግባ፣ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ግባ። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ወጥተው ታይፔ በሚገኘው የታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በባትሪ ላይ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ስማቸው በዓለም መጽሔቶች ላይ በየጊዜው ይታተማል። በሩን አንኳኳ፣ ሥራቸውን አንብብ። ሊቲየሙ ላይ ሰው ሞልቷል። የብረት ሰልፋይዱ ግን ገና ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ዕቃውም ውድ አይደለም፦ የብረት ጨው፣ ድኝ፣ ምድጃ፣ አርጎን ጋዝ። ውዱ እርጥበት የማይገባበት የመሥሪያ ሣጥን ነው፤ እሱን እንዲገዛልህ ዩኒቨርሲቲህን ጨቅጭቅ፣ ደብዳቤ ሲያስፈልግህ ንገረን፣ የደሃና ሰው ይፈርምልሃል።

«ከምን ልጀምር?»

ከመጀመሪያው ሙሌት። ሰልፋይዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ከሚጠጣው ሶዲየም ከፊሉ በገጹ ላይ ቅርፊት እየሠራ እዚያው ይቀራል፤ ተመልሶ አይወጣም። የሙሉው ባትሪ ሶዲየም የሚመጣው ከማዶው ኤሌክትሮድ ስለሆነ፣ የቀረው ሁሉ ከዚያ ኤሌክትሮድ ስንቅ የተቀነሰ ነው። ያንን ኪሳራ በርካሽ ኤሌክትሮላይት የሚቀንስ ሰው ፓይራይቱን ከቤተ ሙከራ ለማውጣት አንድ ትልቅ እርምጃ ይራመዳል። ኢተሩ ይረዳል፤ ውድ ነው፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅም አይችልም። እዚያ ላይ ሥራ።